የሲስተር ኤልሳ እናት ቀሚስ

ትርርር የሚል ድምፅ ሲሰማት ኛኪም እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሣች። መኪናው ቆመ፤ የሆነው ግን ሆኗል። ከመርፌው ሥር ያለው ሰማያዊ የጨርቅ ወፍ ከክንፉ እስከ አንገቱ ተተርትሯል።

ሰአዳ ከባንኮኒው ጀርባ ተነሥታ መጣች። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ጁምዓ ሊሰግዱ ሲሄዱ ሱቁን ለእሷ ትተውላት ነበር፣ እሷ ደግሞ የስፌት መኪናውን ለጓደኛዋ ለኛኪም። ቀዳዳውን አየችና ጨርቁን ከመርፌው ሥር ቀስ ብላ አወጣችው።

ሌላ ጨርቅ ቢሆን ገበያው እዚሁ ደጃፋቸው ነው፣ ይገዛል። ይሄ ግን አይገዛም። የሲስተር ኤልሳ እናት በሕይወት ሳሉ የለበሱት ቀሚስ ነበር። ሲስተር ኤልሳ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ እዚያ የኑዌር ሴቶች የሚሠሩትን ሚላያ፣ ያንን ወፍና አበባ የሞላበትን የአልጋ ልብስ፣ አይታ ወድዳዋለች። እናቷ ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ቀሚሶቻቸውን በፌስታል ይዛ የኛኪም እናት ዘንድ መጣች። ከቀሚሶቹ ዘጠኝ ወፎች ተቆርጠው በነጭ አቡጀዲ ላይ እንዲሰፉላት ፈለገች፤ አሁን ብቻቸውን ለሚተኙት አባቷ ልትወስድላቸው። የኛኪም እናት፣ በእጅ ከሆነ እሠራለሁ፣ ጊዜ ግን ይወስዳል ብላ ተቀበለች።

አምስቱን እንደጨረሰች እህቷ ታመመችባትና ልታስታምማት ኢታንግ ሄደች። የቀሩትን አራት ወፎች ለኛኪም ተወችላት። ትናንት ደግሞ ሲስተር ኤልሳ ደውላ ጉዞዬ ቀድሞ እሑድ ጠዋት ሆኗል አለች። ጠርዙን በመርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ እያጠፉ፣ ክሩ እንዳይታይ እየተጠነቀቁ ሲሰፉ አንድ ወፍ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በመኪና ግን አራቱም በአንድ ሰዓት ያልቃሉ። ኛኪም እናቷ ሚላያ ስትሠራ እንደምታደርገው ጨርቁን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ወጠረች። የሚላያ ጨርቅ ግን አዲስ ነው። ስንት ዓመት ሲታጠብ የኖረ ቀሚስ፣ ከላይ የእሷ እጅ ከታች የመኪናው ጥርስ ሲጎትተው ከየት አምጥቶ ይቻለው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ለኛኪም የሚለቀም እንኳ አልተረፈላትም።

«ፈታ በይ፣ ስሚኝ» አለች ሰአዳ። «ስታመጣው ተቀዶ ነበር በያት። አሮጌ ነው፣ ማን ያውቃል?»

ኛኪም ጨርቁን ማጣጠፍ ጀመረች። ፈርታለች። ቁጣ ብቻ አልነበረም ያስፈራት፤ ሲስተር ኤልሳ ለሥራ ባልደረቦቿ ብታወራ ከእንግዲህ ለእናቷ ሥራ የሚያመጣ አይኖርም።

ባጃጅ ይዛ ሲስተር ኤልሳ ወደምትኖርበት ወደ ኒውላንድ ሰፈር ሄደች። ስታመጣው ተቀዶ ነበር የሚለውን መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ ባለ ባጃጁ ዞር ብሎ ምን አልሽ ቢላት በኀፍረት አንገቷን ደፋች።

ሲስተር ኤልሳ በረንዳዋ ላይ ሻንጣ እያዘጋጀች ነበር። ኛኪም ጨርቁን ዘረጋችላት። የተለማመደችውን ሳትጀምር ሲስተር ኤልሳ ጎንበስ ብላ የተተረተረውን በጣቷ ዳሰሰች።

«ይሄንን እናቴ አንድ ቀንም አታወልቀውም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሳመጣላችሁም ሳስቶ ነበር። ያኔ ተቀዶም ይሆናል፤ እኔ ነኝ ሳላይ የሰጠኋችሁ።»

ኛኪም መዋሸት እንኳ አላስፈለጋትም። ዝም ማለት ይበቃት ነበር፤ ዝምም አለች። ሲስተር ኤልሳ ግን ምን ዓይነት ሰው ነኝ እያለች ራሷን መውቀስ ቀጠለች። ኛኪም ይሄን መስማት አቃታት።

«አይደለም ሲስተር» አለች። «ደህና ነበር። ቸኩዬ በመኪና ስሰፋው እኔ ነኝ የቀደድኩት። እማ አታውቅም።»

ሲስተር ኤልሳ ቀና አለች። ፊቷ ተለዋውጧል። በእጅ ተባብለን አልነበረም ወይ ብላ ጠየቀች፤ ኛኪም፣ ነበር አለች።

«እስከ እሑድ ጠዋት በእጅሽ ስንቱን ታደርሻለሽ?»

የቀሩትን ሦስቱንም ብላ ደስ ልታሰኛት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንድ» አለች። «አንድ ብቻ።»

«እንግዲያው አንዱን ስፊልኝ። የተረፉትን ቀሚሶች ግን ሳትቆርጪ ይዘሽልኝ ነዪ፤ እኔው ጋ ይቀመጡ።»

አልጮኸችባትም። ብትጮህባት ይሻል ነበር፤ ይሄኛው ኛኪምን ይበልጥ አመማት። እሺ ብላ ጨርቁን በጥንቃቄ አጠፈችና ወጣች።

ከግቢው ውጭ ስልኳን አየች። ሰአዳ ሦስት ጊዜ ደውላለች። ኛኪም እሷን በኋላ ብላ፣ የሆነውን ራሷ ልትነግራት የእናቷን ቁጥር ፈለገች፤ ኢታንግ ኔትወርክ እስኪይዝ ድረስ ደጋግማ ደወለች።