ያልተቀሰቀሰው ተማሪ

የማሳያ ትምህርቱ አልቆ ተጨበጨበ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ የቆየው ማናሴ ግን ቀና አላለም።

«በቃ ማኔ፣ ትወናው አልቋል» አለ ኡበይደላ ትከሻውን እየነቀነቀ። የማናሴ እጅ ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ተንጠለጠለ።

አዳማ ውስጥ ነው፤ ልምድ ላላቸው የእንግሊዝኛ መምህራን በተዘጋጀ ከፍተኛ ሥልጠና ላይ። አንዱ ሠልጣኝ ያስተምራል፤ ሌሎቹ ዕጣ አውጥተው ረባሽ፣ ዓይን አፋር ወይም እንቅልፋም ተማሪ ይሆናሉ። ማን ምን እንደደረሰው ለአስተማሪው አይነገርም። ዕድሜውን ሰማንያ ተማሪ ፊት ቆሞ የጨረሰ መምህር፣ ተማሪ እንዴት እንደሚያንቀላፋ እንዲያይ ሆቴል አዳራሽ ይጠራል፤ የጠራው አካል ግን እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም።

ማናሴ ሞቷል፤ ምርመራው በሻይ ብርጭቆው ውስጥ መርዝ መኖሩን አረጋገጠ። ሻዩን ከፔርሙዟ የቀዳችው መምህርት መሪማ ናት። የፖሊስ መኪና በር ላይ ቆሞ እሷን ይጠብቃል። ኢንስፔክተር ዋፊቃ ከላንጋኖ ሌላ ሬሳ አይታ መመለሷ ስለነበር ደክሟት ወንበር ስባ መሪማ ፊት ተቀመጠች።

«ሻዩን ለምን ቀዳሽለት?»

«ከትምህርቱ በፊት ለሁሉም ነው የቀዳሁት፤ እኔም ጠጥቻለሁ። ብርጭቆዎቹን በሩ ጋ አስቀመጥኩ፤ ሁሉም በዚያ አለፈ።»

«የእሱ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ያለ ስኳር የሚጠጣው እሱ ብቻ ነው። ለብቻው እንደማስቀምጥለት ሁሉም ያውቃል።» መሪማ ስልኳን ገለበጠችው። «ልጆቼ እየደወሉ ነው። ምን ልበላቸው?»

ቀጥሎ ወጣቷ ሃፍሳ ገባች። «እንቅልፋም የደረሰኝ እኔ ነበርኩ። ማናሴም ሲደፋ፣ ሁለት እንቅልፋም አለ ብዬ ሳቄ መጣ።»

«ማን ቀሰቀሰሽ?»

«ያስተማሩት ጋሽ ቶኩማ ናቸው። ገና ሲጀምሩ ጠረጴዛዬን ቀስ አድርገው መቱና ከመሪማና ከኡበይደላ ጋር አስቀመጡኝ።»

አሠልጣኟ ኢፍቱ ደግሞ ተቆጥታ ነበር። «ትምህርቱ መጥፎ አልነበረም። ግን ሁሉንም ስላላሳተፉ ነጥብ ቀነስኩ። ያስተማሩበት ዘዴም የማናሴ ነው። የሰው ሥራ አይቅዱ ብዬ በዋዜማው ሰው ፊት ነግሬያቸው ነበር።»

«የማናሴ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«እሱ ነገረኝ።»

ዋፊቃ ከወንበሩ ተነሳች። ከዚያ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«መርዙ ብርጭቆው ውስጥ እንጂ ፔርሙዙ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በበሩ ያለፈ ሁሉ ሊጨምረው ይችላል። ጋሽ ቶኩማ፣ ስንት ተማሪ ነበረዎት?»

«አራት» አሉ ሽበታሙ የቡልቡላ መምህር።

«ለተማሪዎቹ የሰጡት ሥራ የጥንድ ነበር። አራት ሰው ሁለት ጥንድ ይወጣዋል። እርስዎ ግን ሦስቱን አንድ ላይ አደረጉ። ለምን?»

«ማናሴ ተኝቶ ነበራ።»

«ሃፍሳም ተኝታ ነበር፤ ቀሰቀሷት። ማን እያስመሰለ እንደሆነ አያውቁም። እንቅልፋሙን መቀስቀስ ደግሞ ፈተናዎ ነበር። ታዲያ ያንዱን ጠረጴዛ መትተው ሌላውን ያለፉት፣ እንደማይነቃ ስለሚያውቁ ነው።» ወደ ኢፍቱ ዞረች። «አንቺ አይተሽዋል። ነጥብ ቀንሰሽ ዝም አልሽ።»

ኢፍቱ የነጥብ ወረቀቷን ገልብጣ አስቀመጠች።

ቶኩማ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያን ዘዴ ቡልቡላ ውስጥ፣ መጽሐፍ በሌለበት ክፍል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስሞክር ነው ያገኘሁት። ለማናሴ በወዳጅነት አሳየሁት። ሰው ፊት ሌባ ስባል ተቀምጦ ፈገግ አለ።»

«መሪማስ ምን አደረገችዎት?» አለች ዋፊቃ። «መኪናው የቆመው ለእሷ ነበር። እያዩ ዝም አሉ።»

ቶኩማ መሪማን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። «ተማሪ ዘልዬ ሳልፍ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ቶኩማ በር ላይ ወደቆመው መኪና ራሳቸው ሄዱ። የመሪማ ስልክ እንደገና ጠራ።

«ሄሎ» አለች። «እየመጣሁ ነው። እራት እንዳትበሉ፣ ጠብቁኝ።»