ሦስተኛው መስመር

ጣቢታ ቡራዩ፣ አምቦ መንገድ ዳር ባለው የኦቦ ሌንጮ የመኪና ኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ከደቡብ የመጣችው ለፋብሪካ ሥራ ነው፤ ልቧ ግን ወደ መበየጃ ካውያና ወደ ኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር አደላ። ሾፌሮች መጀመሪያ ሴት መሆኗን አይተው ይጠራጠራሉ፤ ኋላ ስሟን ጠርተው ይፈልጓታል።

ተድላ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተጠራጠረም። ሰበታ ላለ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልስ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ረጋ ያለ የሱሉልታ ልጅ ነው። የአውቶቡሱን የመብራት ቦርድ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣና ፊቷ አስቀመጠው።

«የፊት መብራቱ በራሱ ይጠፋል፣ በራሱ ይበራል፤ ቆይቶ ጭራሽ ይዘጋል። ቺፑ ተቃጥሏል አሉኝ።»

ግማሽ ቀን ስትፈትሸው ቆየች።

«አልተቃጠለችም» አለችው። «ይህች አንዲት ቺፕ ለስድስት መስመር ኃይል ታከፋፍላለች። መብራቱም፣ ዝናብ መጥረጊያውም፣ ማራገቢያውም ከእሷ ነው። አንዱ ላይ ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲሄድ እሱን ለይታ ትዘጋለች። ጥቂት ቆይታ ትሞክረዋለች፤ ችግሩ ካልለቀቀ መልሳ ትዘጋዋለች። ሦስተኛው መስመርህ ላይ የሆነ ቦታ የተላጠ ገመድ አለ። እሷ ሥራዋን ነው የሠራችው።»

«ተከራከርሽላት እኮ!» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡሱን ይዞ ይመጣ ጀመር። ወንበር እያነሱ፣ ወለል እየፈቱ ገመዱን ተከተሉት። እሱ የእጅ ባትሪ ያበራላታል፣ እሷ ትለካለች።

«ቴስተሩን ስትይዢ ትንፋሽሽንም ትይዣለሽ» አላት አንድ ቅዳሜ።

እንዲህ አስተውሎ ያያት ሰው አልነበረም። ያንኑ ገመድ ሳታውቀው ሁለት ጊዜ ለካችው።

ሁለት የተላጠ ቦታ አግኝተው ሸፈኑ። ችግሩ ግን አልለቀቀም። ሰኔ ገባ፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ዓይን ያዝ ያደርጋል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ተድላን «ነገ ካልወጣህ ሌላ ሾፌር አለ» አለው።

«ጣቢ፣ በቃ ዳይሬክት አድርጊልኝ። ቺፑን ዝለዪና ገመዱን በቀጥታ ከመኪናው ባትሪ አገናኚው። ለአንድ ሳምንት ብቻ።»

«አይሆንም።»

«እንጀራዬ ነው!»

«የምትጭነው ሰው ነው፣ ተድላ። ገመዱ ሲግል ማን ይዘጋዋል?»

ቦርዱን አንሥቶ ወጣ። ገላን ከተማ ያገኘው ሌላ ጠጋኝ በአሥር ደቂቃ አገናኘለት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ ሰበታ ሊገቡ ሲሉ ከመሪው ሥር ጭስ ተነሣ፤ እሳት ተከተለው። ተድላ በሮቹን ከፍቶ ሰዉን አስወረደ። ሰብሪያ የምትባል ሠራተኛ ደንግጣ በመስኮት ዘለለችና እግሯ ተሰበረ። እሱም የመጨረሻዎቹን ሰዎች ሲያወጣ ሁለቱም እጆቹ ተቃጠሉ።

ፋብሪካው «ቦርዱን ያበላሸው የቡራዩው መጠገኛ ነው» ብሎ ከሰሰ። መጠገኛው ሊታሸግ ቀናት ሲቀሩት ኦቦ ሌንጮ ጣቢታን ጠሯት።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ መርማሪዎቹ የምታውቂውን ጽፈሽ ስጪ ብለውሻል። ልብሽ የት እንዳለ አላጣሁትም። አላስገድድሽም።»

ባዶውን ወረቀት ይዛ ሱሉልታ ሄደች። በሩን የከፈቱላት እናቱ ወይዘሮ የሺወርቅ ነበሩ።

«የቡራዩዋ ልጅ አንቺ ነሽ? ልጄ እጁን ታቅፎ ተኝቷል። አሁን ደግሞ እንጀራውን ልትቆርጪ መጣሽ?»

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገረውና እሄዳለሁ።»

ተድላ መጠገኛው መከሰሱን አልሰማም ነበር። ስትነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። 

«እስክሪብቶ ይዘሻል?» አላት ፊቱን መልሶ። «እኔ መጻፍ አልችልም። እየነገርኩሽ ጻፊ።»

ጻፈች።

«ቺፑ ደህና ነበር። መስመሩን የዘጋው አደጋ ስለነበረ ነው። ሥራ አስኪያጁ አስጨንቆኛል፤ ገላን ወስጄ በቀጥታ ያስገናኘሁት ግን እኔ ነኝ። ጣቢታ እምቢ ብላኝ ነበር።»

እጇ ቆመ። «መንጃ ፈቃድህን ይወስዱብሃል።»

«ጻፊው።»

«ተድላ…»

«ያን ቀን አልሰማሁሽም። ዛሬ አንቺ ስሚኝ፤ ጻፊው።»

ከፋሻው ውጭ የቀረው የግራ አውራ ጣቱ ብቻ ነበር። በሩ ላይ ቆመው ሁሉን የሰሙት ወይዘሮ የሺወርቅ ገቡ። ጣቱን በእስክሪብቶው ቀለም ቀቡና ይዘው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። ከዚያ ለጣቢታ ወንበር ሳቡላት።

መጠገኛው ዳነ። ሥራ አስኪያጁ ከቦታው ተነሣ። ተድላ ሥራውን አጣ፣ መንጃ ፈቃዱም ታገደ። ቁስሉ ሲድን የቀኝ እጁ ጣቶች እንደ ቀድሞው የማይዘረጉ ሆኑ። ገላን አንድ መጋዘን በር ላይ የሚገቡና የሚወጡ የጭነት መኪናዎችን መቆጣጠር ጀመረ። ጣቢታ እሑድ እሑድ ከቸርች ስትወጣ ሱሉልታ ትሄዳለች። ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ፤ ስለ ራሳቸው ግን አያነሡም።

«ስለ እኛ ለምንድን ነው ዝም የምትለኝ?» አለችው አንድ ቀን።

«ሰብሪያን ዓይኗን ሳላይ፣ በየትኛው አፌ ምን ልበልሽ?»

በጥር ወር አብረው ሰበታ፣ ሰብሪያ ቤት ሄዱ። ሰብሪያ ምርኩዝ ይዛ ወጣች። ተድላ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«እግሬ አሁንም ያመኛል» አለችው። «ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ዋሸሁ ማለት ነው። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ልትጠይቀኝ የመጣኸው አንተ ብቻ ነህ። ግቡ።»

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ሲወጡ ታክሲ መያዣው ድረስ በእግር ሄዱ። እዚያ ተድላ ቆመ።

«ጣቢ፣ በእምነትም በአገርም አንድ አይደለንም። መኪና አልነዳም። እጄም ይኸው ነው።»

«ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቀጥል።»

«እናቴ ሽማግሌ ልላክ ብላኛለች። ምን ልበላት?»

የታክሲው ረዳት «ሁለት ሰው የሞላ!» እያለ ይጣራል። ጣቢታ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አባቴ ያለበት ሩቅ ነው» አለችው። «ሽማግሌዎቹ ክረምት ሳይገባ ይሂዱ በላት።»

ታክሲው ጥሏቸው ሄደ። ቀጣዩንም አልተሳፈሩም።