ከጣሪያው ሽንቁር

ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሊያባራ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በዕለተ ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ አንድ ሻምበል ሃያ ወታደር አስከትሎ ወደ ታላቁ ዋሻ የሚያወጣውን ጭቃማ መንገድ ተያያዘው።

ያ ዋሻ ያን ጊዜ እንደ ዛሬው ትኬት የሚቆረጥበት አልነበረም። ከደጁ የበቀሉት ረጃጅም ዛፎች ከነቅርንጫፋቸው ቢገቡበት የኖራ ድንጋዩን ጣሪያ አይነኩም፤ በውስጡም የሌሊት ወፎች በእልፍ አእላፋት ተንጠልጥለው ይውላሉ፤ ሽታቸው ዓይን ያስለቅሳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን፣ ወይ ጉድ! ከትልቁ አፍ እየተጠማዘዙ ሲወጡ የክንፋቸው ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር፤ ወጥተው እስኪያልቁም ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር። ዛሬ አሥር ደቂቃ አይሞላም። የያኔውን ያየ ሰው የዛሬውን ሲያይ ሆዱ ይባባል።

ከዋሻው ፊት ለፊት ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በየምሽቱ አንዲት ሴት ትቀመጥ ነበር፤ የኩስ ቆፋሪዎቹ ጠባቂ ናት። የሌሊት ወፍ ኩስ በሰላሙ ዘመን ለእርሻ ይሸጥ ነበር፤ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን ተቀቅሎ ባሩድ የሚሠራበት ጨው ስለሚወጣው፣ አገረ ገዢው ከወርቅ አስበልጠው ይጠብቁት ጀመር። ደረቅ ኩስ አንዴ እሳት ከያዘ ለወራት ውስጥ ውስጡን ይጤሳል፤ ፋኖስ ረስቶ የወጣ ቆፋሪ ካለ የሚያሳብቁበት ወፎቹ ናቸው። በውስጠኛው አዳራሽ ጭስ ከሸተታቸው በትልቁ አፍ አይወጡም፤ በላይ በኩል በጣሪያው ሽንቁር ይፈተለካሉ። እሷ አይታ «ሰላም ነው» ካለች ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ፤ «እሳት አለ» ካለች ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ስታ አታውቅም፤ ለቀልድ እንኳ አትዋሽም። ሙሽራ በሠርጓ ቀን «አምሮብኛል?» ብትላት «ቀሚሱ ይጠብሻል» ያለች ሴት ናት። ስለዚህም ‹አይታጠፌ› የሚል ስም አወጡላት፤ እሷም ስሙን ትወደው ነበር።

አይታጠፌ አንድ ታናሽ ወንድም ቀርቷት ነበር፤ ለቆፋሪዎቹ መሰላል የሚሠራ አናጢ። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ ይል ነበርና አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ታላቅ ወንድማቸው በመጀመሪያው ዓመት ዘምቶ የተመለሰው ቀበቶው ብቻ ነው። ታናሹም ተመለመለና ከጦር ሰፈሩ ጠፍቶ መጣ፤ የከዳ ወታደር ቅጣቱ ደግሞ ጥይት ነው። ስድስት ቀን በውስጠኛው አዳራሽ ደበቀችው፤ ምግቡንም በባዶ ጆንያ ሸሽጋ ታደርስለት ነበር። «ብርዱንም ረሃቡንም ቻለው እንጂ እሳት እንዳታነድ» ብላ አስጠንቅቃዋለች።

ሻምበሉ ንግግሩ የተመጠነ፣ ያየውን የሰማውን ሁሉ በደብተሩ የሚጽፍ ሰው ነበር። የወፎቹን ነገር አምና በኩራት የነገረችው ራሷ አይታጠፌ ናት። አወይ አፍ!

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አለ ባርኔጣውን አውልቆ። «ወንድምዎ ከድቶ ወደዚህ መጥቷል ይሉኛል። በዚህ ብርድ እሳት ማንደዱ አይቀርም። ወታደሮቼን በዚያ ጨለማ ከማንከራትት፣ አብረን እንቀመጥና ወፎችዎን እንጠይቃቸው።»

«ይቀመጡ ጌታዬ፤ ድንጋዩ ግን ርጥብ ነው» አለችው።

ቆፋሪዎቹ ጆንያቸውን አውርደው ዙሪያውን ቆሙ። ፀሐይ ጠለቀች። ትልቁ አፍ ጭጭ አለ። ከዚያ ከላይ፣ ከተራራው ጫፍ፣ ወፎቹ በሽንቁሩ እየተጋፉ ፈለቁ። አይታጠፌ ክው አለች፤ ቆፋሪዎቹም እንደ ልማዳቸው ቃሏን ጠበቁ።

«እትዬ፣ ይህ ምን ማለት ነው?»

«ወላዶቹ ናቸው።»

«ምን አሉ?»

«የመውለጃቸው ወር ነው፣ ጌታዬ። ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ስለሚበሩ፣ በትልቁ አፍ በኩል ጭልፊቱን ይፈሩታል፤ በላይ ነው የሚወጡት።»

«አምና ይህን አልነገሩኝም።»

«አምና በዚህ ወር መቼ መጡና! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለች፤ ቀጥላም፣ «አሁን ችቦ ይዘው ቢገቡ፣ ገና ያልወጡት ደንግጠው ጫጩቶቻቸው ይረግፋሉ፤ እናቶቹም ጥለው ይጠፋሉ፤ ከዚያ ባሩዱ የት እንደገባ ለአገረ ገዢው እርስዎ ያስረዱ» አለችው።

ሻምበሉ ወደ ሽማግሌው ቆፋሪ ዞረ። ሽማግሌው ፋኖስ መርሳታቸውን በሰው ፊት ከተናገረችባቸው ወዲህ ሁለት ዓመት አኩርፈዋታል። «እርስዎስ ምን ይላሉ፣ አባባ?»

«እኔ እንኳ» አሉ ጢማቸውን እያከኩ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኩስ ሲዘንብብኝ አፌን ከፍቼ ሽቅብ የማይ ሞኝ አይደለሁም። እሷ ካለች ግን ነው። ይህች ሴት ለሰው ብላ አትዋሽም፤ እኔን ይጠይቁኝ።»

ከወታደሮቹ አንዱ ሳቀ። በየወሩ ባሩድ አስረክብ የሚባለው ሻምበሉ ራሱ ነውና፣ ደብተሩን አውጥቶ የተባለውን አንድ ሳያስቀር ጻፈ፤ ወታደሮቹንም ይዞ ወረደ።

አይታጠፌ ወንድሟን በጥፊ ልትለው እየሮጠች ወደ ዋሻው ገባች። የገዛ መሰላሉን ሰባብሮ አንድዶ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ አገኘችው። «በረደኝ፣ እታለም» አላት። አቅፋው አለቀሰች። እሳቱን አጥፍታ፣ ጎህ ሳይቀድ በዋሻው የኋላ በር ተራራውን አሻገረችው።

በማግስቱ ምሽት ወፎቹ በትልቁ አፍ ወጡ። «ሰላም ነው!» አለች እንደ ወትሮዋ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌው አንድ ሰው አይቶ እንዲመጣ ወደ ውስጥ ላኩ። «ለምናልባት ነው እንጂ፣ ልጄ» አሏት፣ ፊቷን ሳያዩ። ውሸቷን እያወቁ ሸፍነው ነፍሷን ያተረፉላት እነሱ ነበሩ፤ ቃሏን ማመን ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አልሆነላቸውም። ወሩ ሳያልቅ ድንጋዩን ለሌላ ሰው ለቃ ጆንያ መስፋት ጀመረች፤ እስክታረጅም ድረስ ያንን ድንጋይ እንደ እናት ቤት ትናፍቀው ነበር።

ጦርነቱ አለቀ፤ ሻምበሉም ጡረታ ወጥቶ ደብተሩን አሳተመ። «የሌሊት ወፎቹ በመውለጃቸው ወር በጣሪያው ሽንቁር ብቻ ይወጣሉ፤ ይህንንም ዋሽታ የማታውቅ አንዲት የአካባቢው ሴት አረጋግጣለች» ይላል። ሊቃውንት ከእሱ ቀዱ፤ የተማሪ ቤት መጻሕፍት ከሊቃውንቱ ቀዱ።

አናጢው በሌላ ስም ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ፤ ለሰው ጣሪያ ሲሠራ፣ ልጆች ሲወልድ፤ በመጨረሻም ታሞ በአልጋው ላይ ሞተ። መርዶው በመጣ በሳምንቱ፣ ከእንግዲህ የሚያስፈራት አልነበረምና፣ አይታጠፌ ምርኩዟን ይዛ ወደ ዋሻው ጽሕፈት ቤት ሄደች።

«ልጄ» አለችው ጸሐፊውን፣ «ያ የመውለጃ ወር የሚሉት ነገር ውሸት ነው። አርመህ ጻፍልኝ።»

ጸሐፊው መጽሐፉን ገልጦ አሳያት። «እማማ፣ ታትሟል እኮ! የተናገሩትም ሴት ዋሽተው የማያውቁ ነበሩ ይላል።»

«እሷ እኮ እኔ ነኝ!»

«እሺ እማማ፣ እሺ» አላት በትሕትና። «ወንበር ላምጣልዎት?»

ወንበሩን ወደ ደጅ አወጣላት። ወሩ ያው የመውለጃ የተባለው ወር ነበር፤ ጎብኚዎቹ አንገታቸውን ሽቅብ አቅንተው ሽንቁሩን ሲጠብቁ፣ ወፎቹ ከታች በትልቁ አፍ ወጡ፤ እሷ ብቻ አየቻቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ መጽሐፉ ግን ዛሬም ያንኑ ይላል። የሻምበሉ ስም በሽፋኑ ላይ አለ፤ የአናጢው ስም የትም የለም፤ እሷም በአሥራ ስድስት ዓመት ከተናገረችው እውነት አንዲቱ እንኳ ሳትጻፍ፣ ያቺ አንዲት ውሸቷ ብቻ ቀረች።