ከእሽጉ የጠፋችው መንጠቆ

መንጠቆዋን የደበቅኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ይሄን ልናገርና ልገላገል፤ አለዚያ ሌላ ሌላውን ሳወራ እንደምዘለው ራሴን አውቀዋለሁ።

ትምህርት እንደጨረስኩ የምውለው በአጎቴ ሰዓት መጠገኛ ሱቅ ነበር። አጎቴ ከሰዓቶቹ ጎን በካርቶን የታሸጉ፣ የሚገጣጠሙ ትንንሽ ባቡሮችም ይሸጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የቀረበት ረጅም ልጅ ገባና አንድ የፉርጎ ካርቶን አነሳ። ጥጉ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነው።

«የሚገጣጥምልኝ ሰው ይኖራል?» አለ እጁን እያሳየ። ጣቶቹ ራሳቸው ትንንሽ ዳቦ ነው የሚመስሉት።

አጎቴ ቀና እንኳ ሳይል «እኔ የማውቀው ሰዓት ነው። ይቺ ግን እጇ ቀጭን ነው፤ ምላሷን ከቻልከው» አለ።

ቻለው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቶ ይመጣል። እሱ መመሪያውን ያነባል፣ እኔ በወረንጦ እየያዝኩ አጣብቃለሁ። እኔ «ዱቄቱ» እለዋለሁ፣ እሱ «ለፍላፊዋ» ይለኛል።

ፉርጎው ለአባቱ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ጣቢያ ፉርጎ ሲያያይዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ልባቸው ደክሞ አልጋ ይዘዋል። ራስጌያቸው አንዲት ትንሽዬ የባቡር ራስ፣ የምትጎትተው ፉርጎ ሳይኖራት ብቻዋን ቆማለች።

«አባዬ ‹ጨርሰህ አምጣልኝ፣ በእጄ ነው የማያይዘው› ብሎኛል» አለኝ። «መንጠቆ የሌለው ፉርጎ ሳጥን ነው ይላል።»

በሁለት ሳምንት ጎኖቹ ተጣበቁ፣ ጣሪያው ተቀባ፣ ጎማዎቹም መሽከርከር ጀመሩ። ቀና ስል እያየኝ ነው። ጎንበስ ሲል እኔ አየዋለሁ። ወሬ የማይነጥፍብኝ ልጅ ዝም አልኩ። አጎቴ እንኳ «ዛሬ ሬዲዮኑ ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። የቀረችው የስንዴ ፍሬ የምታክል አንዲት መንጠቆ ናት። እሷ ከተጣበቀች አለቀ። ካለቀ ደግሞ በምን ሰበብ ይመጣል?

ውሃ ሊጠጣ ዞር ሲል ኪሴ ከተትኳት።

«መንጠቆዋ የለችም» አልኩት።

«እሽግ አልነበር እንዴ?»

«ፋብሪካው ረስቷት ይሆናላ። አጎቴ ያስመጣል፣ ሳምንት ቢፈጅ ነው።»

ትንሽ አየኝና «እሺ» አለ። በማግስቱም መጣ። የሚሠራ ነገር የለም፣ ግን መጣ። ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል፤ ጎማዎቹን በጣታችን እያሽከረከርን ስለ ምንም እናወራለን። አንዴ ቅንድቡ ላይ ያለውን ዱቄት ላራግፍለት ስል እጄን ያዘው። አልለቀቀኝም። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

በዘጠነኛው ቀን ኪሴን ዳበስኩና «ነገ እሰጠዋለሁ» አልኩ ለራሴ። ነገ ማለት እኮ ምላስ ላይ ቀላል ነው።

በነጋታው ሳይመጣ ቀረ። የዳቦ ቤቷ ሻጭ ናት የነገረችኝ፤ አባቱ ጠዋት አርፈዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት የለም። መንጠቆዋን መዳፌ ላይ አድርጌ ዘረጋሁለት።

«አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ዕለት። በሰዓቶቹ መስታወት ውስጥ አየሁሽ። ለአባዬም ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። ‹ወዳሃለች ማለት ነው፣ ተዋት። ግን ቶሎ በሉ› አለኝ።»

መንጠቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ለምን ደበቅሽ?»

«ስደበኝ በቃ» አልኩት። «እባክህ።»

«አንቺን ብቀየም ይቀለኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ልጁ እኔ ነኝ። በየቀኑ ካንቺ ጋር አንድ ሰዓት እያልኩ እሱን አስጠበቅኩት። አሁን አንቺን ሳይ ያቺ የባቡር ራስ ብቻዋን ቆማ ነው የምትታየኝ። ነገ እህቴ ያለችበት ከተማ እሄዳለሁ፤ እዚያ ሥራ አግኝቻለሁ።»

«ፉርጎውስ?»

«እወስደዋለሁ። መንጠቆዋን እንኳ በእጄ ላያይዛት።»

ከዚያ እንደ ድሮው ተቀመጠና ወረንጦውን ጠየቀኝ። ላግዘው እጄን ስዘረጋ ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ጊዜ ወደቀችበት፤ በአራተኛው ትንሽ ጠመም ብላ ቆመች። እስክትደርቅ በሁለት ጣቱ ያዛት።

መመሪያው ሁለት ደቂቃ ይበቃል ነው የሚለው። ያነበበልኝም እሱ ራሱ ነው። ሱቁ ውስጥ አርባ የግድግዳ ሰዓት ይቆጥራል፣ አጎቴ ግን አንዱንም ቀና ብሎ አላየም። ዱቄቱ ጣቱን አላነሳም። እኔም «ደርቃለች» አላልኩትም።