ጌሙ ውስጥ ያየኋቸው ሦስት ድንጋዮች

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ተሳፋሪዎች ስለ ጥላና ስለ መንፈስ ማውራት ሲጀምሩ ሬዲዮኑን ከፍ የማደርግ ሾፌር ነኝ። ከነቀምቴ ቢላ በሚኒባስ ስመላለስ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ በጭጋጉም በዝናቡም፣ ከጅብና ከትራፊክ ፖሊስ በቀር የሚያስደነግጠኝ ገጥሞኝ አያውቅም። እንግዲህ ይህን ሰምታችሁ ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም።

ባለፈው ክረምት ነው፣ አርብ ቀን። ጠዋት ከቢላ ስመለስ፣ ነቀምቴ ለመግባት ትንሽ ሲቀረኝ፣ ቁልቁለቱ ላይ ባለችው ኩርባ ጎማ ፈነዳብኝ። እንደ ደንባችን ሦስት ትልልቅ ድንጋይ ተሸክሜ ጎማው ሥር ታኮ አደረግኩ፣ ለሚመጣው መኪና ምልክት እንዲሆን ከኋላ ቅጠል ቆርጬ አነጠፍኩ፣ ጎማውን ቀየርኩ፣ ዝናቡ ሲጀምር ተሳፋሪው "ንካው እንጂ!" አለኝ፣ ነካሁት። ድንጋዮቹን አላነሳኋቸውም። መንገድ ላይ ድንጋይ ትቶ የሚሄድ ሾፌር ስንቱን ረግሜያለሁ መሰላችሁ! የዚያን ቀን ግን ትዝም አላለኝ።

ከተማ ገብቼ ምሳ ከበላሁ በኋላ፣ ተራዬ እስኪደርስ ላሊሴ ጋ ሄድኩ። ላሊሴ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ጌም ቤት አላት፣ ሌላው ኳስ ሲጫወት እኔ የጭቃ ውድድሩን ነው የምወደው፣ መኪናው ኮረብታ ለኮረብታ ይዘላል፣ ወንዝ ሰንጥቆ ይወጣል። ደግሞ እንዴት ይጥማል! ቀኑን ሙሉ "ቀስ በል" ሲባል የሚውል ሾፌር፣ እዚያ ገደል ቢገባ በሦስት ሰከንድ መንገዱ ላይ ተመልሶ ይቆማል፣ የተሰበረው መስታወት ሳይቀር ድኖ። ጉድለቱም እሱው ነው። ጭቃው አይዝም፣ መኪናው ክብደት የለውም፣ ሌሎቹን ምንም ያህል ብትቀድሟቸው መጨረሻ ላይ ተጎትተው እንዲደርሱባችሁ ተደርገው ነው የተሠሩት። ከመኪናው መውረድ ደግሞ ጭራሽ የለም። ይህን በነገርኳት ቁጥር ላሊሴ "አቦ ኦቦ ሙሉጌታ፣ መውረድ ካማረህ ውጪ መንገድ አለልህ" ትለኛለች።

በዝናቡ ምክንያት ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሁለተኛው ዙር ላይ ከአንድ ኩርባ ስወጣ መንገዱ ላይ የተነጠፈ ቅጠል አየሁ፣ ይህን ጌም ዓመት ሙሉ ተጫውቼዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለውም፣ ብቻ ዝም ብዬ አለፍኩ። በሦስተኛው ዙር ግን ከቅጠሉ ፊት ሦስት ድንጋዮች ነበሩ፣ አንደኛው ጫፉ ነጭ፣ ልክ ጠዋት እንደተሸከምኩት። እመኑኝ፣ ቅዝቃዜው መዳፌ ላይ ተሰማኝ።

ያኔ ነው ጉደታ ትዝ ያለኝ። ጉደታ የእህቴ ባል ነው፣ ቢላ ያስተምራል፣ አርብ አርብ ከሰዓት በሞተር ብስክሌት ነቀምቴ ይገባል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍጥነት መቀነስ አያውቅም። ቅጠሉን ጎርፍ ይወስደዋል፣ ድንጋዩ ግን የትም አይሄድም። እህቴ የሁለት ወር አራስ ናት። ደወልኩ፣ አያነሳም፣ ደገምኩ፣ አያነሳም።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጌሙ ውስጥ ፍሬን ይዤ ድንጋዮቹ ጋ ቆምኩ። ሌሎቹ መኪኖች ሁሉ አለፉኝ። ዝናቡ የጌሙ ይሁን የቆርቆሮው ጣሪያ መለየት አቃተኝ፣ ከዚያ በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፣ የኔ ሚኒባስ በር እንደሚለው፣ ቀጥሎ ጭቃ ውስጥ የሚራመድ እግር፣ ቀጥሎ ድንጋይ ሲጣል፣ ሦስት ጊዜ።

"ማነው የገባው?" አለች ላሊሴ ዞራ። በሩ ዝግ ነበር። ስክሪኑን ስመለከት መንገዱ ባዶ ነው።

ቁልፌን አንስቼ ሮጥኩ፣ ተራዬንም ትቼ ወደ ኩርባው ነዳሁ። ከከተማው ወጥቼ ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ሞተር ከፊቴ መጣ፣ ጉደታ ነው፣ በስብሶ። እፎይ አልኩ፣ እንባዬ መጣ። እሱ ግን ቆሞ አፉን ከፍቶ አየኝ።

"ሶዳ! በየት በኩል ቀደምከኝ?" አለኝ፣ አማቹ ስለሆንኩ ሁሌ በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

"የት አይተኸኝ?"

"ኩርባው ላይ ነዋ፣ አሁን ድንጋይ ስታነሳ! ገለቶሚ፣ እግዜር ይስጥህ፣ አንተን አይቼ ነው ፍሬን የያዝኩት፣ ባላይህ ኖሮ እላያቸው ላይ ነበርኩ። ግን 'አካም' ብዬ ሰላም ስልህ ለምን ዘጋኸኝ?"

"መኪና ነበረኝ?"

"የለም። በመስታወት ሳይህ በእግርህ ወደ ከተማ እየመጣህ ነበር።"

"ዋናው መትረፍህ ነው" አልኩት። ድንጋዮቹ የኔ እንደነበሩ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፣ ያልሠራሁበትን ምስጋና ተቀብዬ ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል። ኩርባው ጋ ስደርስ ሦስቱም ድንጋዮች መንገድ ዳር ተደርድረዋል፣ በመንገዱ ግን አንድም ሰው አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ታኮዬን ሳላነሳ ንቅንቅ አልልም፣ ጌም ቤቱንም ረግጬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ላሊሴ ገበያ መሃል አገኘችኝና ኩርፍ አለችብኝ።

"ኦቦ ሙሉጌታ፣ ትናንት ማታ በዚያ ዝናብ ደጄ ላይ ቆመህ፣ ግባ ስልህ እንዴት ትዘጋኛለህ?"

እሷ ባለችው ማታ እኔ ቢላ ነበርኩ፣ እዚያው ነው ያደርኩት።