ዘይት የተቀባው ገበታ

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሬሳ ገና ከወለሉ ላይ አልተነሳም፤ ሼፉ ግን ከወዲሁ በካቴና ታስሯል። የሟች ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ ታየዋለች። በቅርቡ የሚያገባት ሰው አባቷን ገደለ ሲሏት፣ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። በዚህ የጣሊያን ምግብ ቤት የምሳ እንግዶች ሲሄዱ ቤተሰቡ በአንድ ገበታ ይበላል። ሼፉ የበቆሎ ገንፎውን ሰፊው የእንጨት ገበታ ላይ ይዘረግፍና ስጎ ያፈስበታል፤ ሁሉም ከፊት ከፊቱ እየበላ ወደ መሃል ይገባል። ዛሬም አባት፣ ልጅ፣ ሼፉ፣ አስተናጋጁ፣ እንዲሁም እናቷ ከሞተች ጀምሮ ልጅቷን ያሳደገቻት አክስቷ አብረው በሉ። የአይጥ መርዝ የገደለው ግን አባትን ብቻ ነው። ያቀረበው ሼፉ፣ ትናንት ከሟች ጋር የተጨቃጨቀው ሼፉ! ሌላ ምን ይፈለጋል?

መርማሪዋ ግን አልቸኮለችም። ባልደረቦቿ «ኤሊ» የሚሏት ወደው አይደለም።

«ለምን ተጣላችሁ?» አለችው።

«ልጄን ወደ ሌላ ከተማ አትወስዳትም ብለውኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ጓዳ ጠርተው "በቃ ውሰዳት፣ ከጨውህ ጋር ትቻልህ" ብለው ሳቁብኝ።»

ሼፉ ፍቅር ከያዘው ጀምሮ ጨው እያበዛ የቤቱ መሳቂያ ነበር። ልጅቷ እንባዋ መጣ።

«ማን ሰማ?»

«እትዬ እዚያው ነበሩ።»

አክስት ራሷን ነቀነቀች። «እኔ የሰማሁት ነገር የለም።»

መርማሪዋ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ገበታ በጣቷ ዳሰሰችው። ዘይት ነካት።

«ይህን ማን አጸዳ?»



«እኛ ቤት እንዳይሰነጠቅ ተፍቆ ወዲያው ዘይት ይቀባል» አለ አስተናጋጁ። «ዛሬ ግን ማን ልብ ኖሮት? እኔ አምቡላንስ ፍለጋ መንገድ ላይ ነበርኩ።»

መርማሪዋ ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠች።

«ሁላችሁም ከአንድ ድስት በልታችሁ ደህና ናችሁ። ስለዚህ መርዙ ገንፎው ውስጥ አልነበረም። አስቀድሞ ሟች ሁልጊዜ በሚቀመጥበት በኩል እንጨቱ ላይ ተቀብቷል። ሰውየው ሲወድቅ ገዳዩ ገበታውን በጥድፊያ ፋቀው። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። እጁ ግን የለመደውን ሠራ፤ ዘይት ቀብቶ አቆመው! ይህ የቤቱ ሰው ነው፤ ያውም ሟች ሲያጣጥር አጠገቡ ያልነበረ።»

«እኔ አጠገቡ ነበርኩ!» አለች አክስት። «ወንድሜ እጁን እንደያዝኩት ነው ነፍሱ የወጣችው።»

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «እውነት ነው?»

ልጅቷ ክው አለች። የአባቷን አንድ እጅ የያዘችው እሷ ነበረች፤ ሌላውን ሼፉ። «እማዬ፣ ድረሽልኝ!» ብላ አክስቷን ጠርታ ጮኻለች፤ የመጣ ግን የለም። ዝም ብትል እሱ ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ ነው። ብትናገር ደግሞ፣ ስትታመም አቅፋት የምታድረውን፣ እናቴ የምትላትን ብቸኛ ሴት ልታጠፋ ነው። ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው!

«እማዬ» አለች ወደ አክስቷ ዞራ፣ «ስጠራሽ አልመጣሽም። እጆቹን የያዝነው እኔና እሱ ነን።»

አክስት ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ሊወስድብኝ ነዋ!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜ እኔ ቁጭ ብዬ፣ እኔን ሳይጠይቅ "ውሰዳት" አለው! ማን አሳደገሽ? እኔስ ከማን ጋር ልቅር?»

መርማሪዋ ካቴናውን ከሼፉ እጅ ፈታች። አክስት ሳትጠየቅ እጆቿን ዘረጋች። በሩ ጋ ስትደርስ፣ «ልጄ፣ አትዪኝ» አለች።

ልጅቷ ግን እስክትወጣ ድረስ አየቻት። ከዚያ ወደ ሼፉ ዞረች።

«አባቴን አጣሁ፤ እናቴን በገዛ አፌ አሳልፌ ሰጠሁ» አለች ሸሚዙን ጨምድዳ ይዛ። «ደግሞ አይዞሽ እንዳትለኝ። ያዘኝ ብቻ።»

ያዛት።