ከማኪናው የወጣው ገብስ

«“አንዲት አርሶ አደር” ይሉኛል? ስም የለኝም እንዴ? ወገራ ላይ ያለ ዘሪ የበቀልኩ አረም መሰልኳቸው?»

እምዬ ትርንጎ ይህን ሲሉ ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛቸው ነው። ስለ ደጋ ገብስ ሊታተም የደረሰው መጽሐፍ ቃላቸውን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ስማቸውን ትቶታል። ደብዳቤዎቻቸውን ይቀበሉ የነበሩት አጥኚ አርፈዋል፤ የተተካው ወጣት ደግሞ «ማስረጃ ካለዎት እስከ ነገ ያምጡ» አላቸው።

ማስረጃውስ ነበረ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሳቸው ሲናገሩ ልጃቸው አለነ እየጻፈ በኢሜይል ይልክ ነበር። ደብዳቤዎቹ ያሉት አለነ ከመሥሪያ ቤት ባመጣው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የቀረ የለም። ኮምፒውተሩን ግን ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል፤ ውስጡንም ያጠፉታል።

አለነ ለሥራ ወደ ትክል ድንጋይ ሲሄድ የአሥራ አራት ዓመት ልጁን ልዕልትን ደብዳቤዎቹን ፍላሽ ላይ እንድትገለብጥ አደራ ብሏት ነበር። እሷም ትናንት በስልክ «ጨርሻለሁ አባዬ፣ ፍላሽ ላይ ነው» አለችው።

አሁን ፍላሹን ከፈተችው። ያለው ሁለት ኪሎ ባይት ብቻ ነው። የገለበጠችው ደብዳቤዎቹን ሳይሆን የኢሜይል ፕሮግራሙን የምትከፍተውን ባለ ቀስት ምልክት ነበር። ዝም ብትል እስከ ነገ ማንም አያውቅባትም።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ምንም...» አለችና ወደ እሳቸው ዞረች። «እምዬ፣ ምንም አልገለበጥኩም። ሳላየው ነው ጨርሻለሁ ያልኩት።»

«ገለባ ሰፍረሽ ገብስ ነው አልሽና!» እምዬ በበትራቸው ወለሉን መቱና ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ። «በይ፣ ማኪናው ገና አልሄደም። አባትሽን ጥሪው። ልቅሶው በኋላ ይደርሳል።»

አለነ ተቆጣ፤ ቢሆንም በስልክ መራት። የተላኩትን ደብዳቤዎች ከፈተች፣ ሁሉንም መረጠች፣ ደብዳቤዎቹን የሚያወጣውን «ኤክስፖርት» ነካች፣ ማስቀመጫው ፍላሹ እንዲሆን መረጠች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤ! መገልበጡን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ሲንቀሳቀስ አንዱን ከፍታ አነበበች።

«ሐምሌ አራት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። “ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገብስ ውርጭ ሳይቀድመው ይደርሳል። ጥቁሩ ገብስ ግን ብርዱን ይስቅበታል። አለነ፣ ይቺን አትጻፍ፤ አባትህ ጥቁሩን ከነጩ አይለይም ነበር።”»

ልዕልት ሳቀች። ሌላ ከፈተች፤ ሌላ ደገመች። ከዚያ ሳቁ ጠፋት። የትኛው ዘር የትኛውን አፈር እንደሚወድ፣ በክፉው ዘመን ማን እፍኝ ዘር ደብቆ እንዳተረፈ፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር አለ። እሷ ኮምፒውተር መክፈት እንኳ አይችሉም ብላ የምትስቅባቸው ሴትዮ ናቸው ይህን ሁሉ የተናገሩት።

«እምዬ... ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?»

«ከመሬቱ ነዋ! አለቀ?»

«አለቀ። ይኸው፣ ሁሉም ፍላሹ ላይ ነው። አሁን አይቼዋለሁ።»

«ያየሽው በየትኛው ማኪና ነው?»

«በዚሁ።»

«በዚሁማ ቀድሞም ነበረ! ልጄ፣ ዘር በአንድ ጎተራ አይቀመጥም። እኔ ግማሹን እህቴ ቤት አኖራለሁ፤ አኑሬም አልተውም፤ ሄጄ እፍኝ ዘግኜ አፈር ላይ እሞክረዋለሁ። በቀለ ማለት አለኝ ማለት ነው።»

ልዕልትን አባቷ ስለ ባክአፕ፣ ቅጂን ሌላ ቦታ ስለማኖር፣ ያስተማራትን ሁሉ እሳቸው በሁለት ትንፋሽ ጨረሱት። ፍላሹን ነቅላ በመዳፏ ጨበጠችው።

«ጎረቤታችን ዓይናለም ላፕቶፕ አላት» አለች በቀስታ።

«ሸጋ። ሂጂና እሷ ቤት ክፈችው። ከዚያም በስልክ ደውለሽ የራሴን ቃል ለራሴ አንብቢልኝ። አትቁረጪ፣ አታሳምሪ፤ አትጻፍ ያልኩትንም ጨምረሽ። በይ ተነሽ!»